የማሽኑ ጩኸትና የአባ ወርቁ ወንበር

ሥራ የጀመርኩበትን ቀን የማስታውሰው በሠራሁት ጥፋት ነው። እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ የኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ካለ አንድ መጋዘን በር ላይ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። አለቃዬ ሞሪስ ይባላል፤ ወላጆቹ ከሞሮኮ የመጡ፣ አጭርና ችኩል ሰው ነበር። ስሜን ሁለቴ ጠየቀኝና "አድማሱ ይረዝማል፣ አዲ እልሃለሁ" አለኝ። ከዚያ የመፍቻ ቦርሳውን አሸክሞኝ ጣሪያ ላይ ወጣን።

ጣሪያው ላይ አንድ ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣ፣ እዚህ አገር ማዝጋን የምንለው፣ እየተንቀጠቀጠ ይጮኻል። ከሥሩ ያሉት የቢሮ ሠራተኞች አቤት ብለዋል። ሞሪስ ስልክ መጣለትና "ብሎኖቹን እያቸው" ብሎኝ ወደ ጥግ ሄደ። አየኋቸው፤ ላልተዋል። ጉልበት አላነሰኝም፤ አንድ በአንድ ጥርቅም አድርጌ አሰርኳቸው። ማሽኑ መንቀጥቀጡን ተወ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ሞሪስ ስልኩን ሳይጨርስ ከታች ሦስት ሰዎች እየተቆጡ ደረጃውን ወጡ። ጠረጴዛቸው ሳይቀር ይነዝራል። "አዲ፣ ምን አደረግህ?" አለኝ ሞሪስ። "አጠበቅኩት" አልኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሳቀ። ከማሽኑ እግር ሥር የገባውን ጎማ በካቻቢቴው ጫፍ አሳየኝ። ብሎኑ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ጎማው ተጨፍልቆ ይደርቃል፤ ያኔ ማሽኑ ንዝረቱን ለጣሪያው ያቀብላል፣ ጣሪያው ለግድግዳው፣ ግድግዳው ለሰው።

"ድምፅ ከአንድ ቦታ ስታባርረው ሌላ ቦታ ሄዶ ይቀመጣል" አለኝ። "ያንተ ሥራ የት እንደሄደ ማወቅ ነው።" ይህን ቃል ከሞሪስ አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። የገባኝ ግን ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ እንዴት እንደገባኝ ነው የምጽፈው።

ከጎንደር ወጥተን፣ አዲስ አበባ ከርመን በአውሮፕላን የመጣን ጊዜ ጎረምሳ ነበርኩ። ወንበሩ ተነቅሎ ስለነበር ወለሉ ላይ ተደራርበን ተቀመጥን። ሌላው ሰው ሲጸልይና ሲያለቅስ እኔ መዳፌን ወለሉ ላይ አድርጌ የሞተሩን ንዝረት አዳምጥ ነበር። አባቴ "ምን ጠፋብህ?" አሉኝ። አሁን ሳስበው ሥራዬን እየጀመርኩ ነበር።

የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ካቻቢቴ ነው። ጫፉን ማሽኑ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮህ ሥር ካለው አጥንት ላይ ታስደግፈዋለህ። ኩሽኔታው ያለቀበት ማሽን ያንኳኳል። ማራገቢያው የተጣመመበት በየዙሩ ያቃስታል። ኮምፕሬሰር ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያጉረመርማል። ከሁሉ ክፉው እሱ ነው። የጮኸን ነገር ሰው መስኮት ዘግቶ ይገላገለዋል፤ ማጉረምረም ግን በተዘጋ መስኮት ይገባል። አብሮህ ይበላል፣ አብሮህ ይቀመጣል፣ ምን እንዳስጨነቀህ ሳታውቅ ትጨነቃለህ።

መጀመሪያ ረዳት ነበርኩ፤ ቦርሳ ተሸካሚ ማለት ነው። ቀጥሎ ሠራተኛ ተባልኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሞሪስ ከአንገት የሚንጠለጠል የድምፅ መለኪያ ሰጠኝና የቡድን ኃላፊ አደረገኝ። በዕብራይስጥ ሪፖርት መጻፍ ግን እስከ መጨረሻው አልወደድኩትም። እኔ እለካለሁ፣ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይጽፋል፤ እንዲህ ተስማማን።

ቁጭ ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ ሥራው ደግሞ አባሰብኝ። ሠርግ ቤት ገብቼ ሙሽራውን ሳላይ ማዝጋኑን አያለሁ። አውቶቡስ ላይ ከኋላ ያለው ላሜራ ሲንቀጫቀጭ ሾፌሩን ልነግረው እነሳለሁ። ባለቤቴ ዘነቡ "አንተ ሰው፣ ፍሪጁን ተወውና እንጀራህን ብላ" ትለኛለች። እበላለሁ፤ ጆሮዬ ግን ፍሪጁ ጋ ነው። ይህን ያህል ጆሮ ያለው ሰው ደግሞ መስማት የነበረበትን ነገር አለመስማቱ አሁንም ያናድደኛል።

ካርሜ ጋት የሚባለው አዲሱ ሰፈር መገንባት ሲጀምር ሥራ በረከተልን። አዲስ ፎቅ፣ አዲስ ጣሪያ፣ በየጣሪያው ማሽን። ወጣት ባልና ሚስት ቤት ይገዛሉ፣ መስኮት ይከፍታሉ፣ ፊት ለፊታቸው ማሽን ያገኛሉ። እነሱ አቤት ማለት ያውቃሉ። ድምፁን በስልካቸው ይቀርጻሉ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ይልካሉ፣ ሞሪስን በስሙ ጠርተው ይቆጡታል። መጀመሪያ ላይ ይሰለቹኝ ነበር። አሁን አመሰግናቸዋለሁ፤ የት እንደሚያማቸው በጣታቸው ያሳዩሃል።

ጥፋቱን የሠራሁት ግን ከተማው መሀል፣ በአሮጌው ሰፈር ነው። አንድ ሱፐርማርኬት አለ። ከጀርባው ባለው ግቢ የወተቱንና የሥጋውን ማቀዝቀዣ የሚያሠሩ አራት ማሽኖች ቆመዋል። ከግቢው በአንደኛው በኩል አዲስ ፎቅ ተሠርቷል። በሌላው በኩል ባለ አራት ፎቅ የድሮ ሕንፃ አለ፤ ከነዋሪው ግማሹ ከኢትዮጵያ የመጣ የእኛ ሰው፣ ያውም ሽማግሌና ባልቴት ነው። የአዲሱ ፎቅ ሰዎች አቤት አሉ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ለሱፐርማርኬቱ ቀነ ገደብ ሰጠ፣ ሱፐርማርኬቱ ለእኛ ደወለ።

ማሽን ይተነፍሳል። ዙሪያውን ከዘጋኸው ይሞቅና ይጠፋል፤ እሱ ሲጠፋ ወተቱ ይበላሻል። ስለዚህ ሦስቱን ጎን በግድግዳ ከልለን አንዱን ለአየር ክፍት ልንተው ወሰንን። አንዱ ጎን የሱቁ ግድግዳ ነው። በጭነት መኪና መግቢያው በኩል እንዳንከፍት ሥራ አስኪያጁ ኤያል ከለከለን። የቀረው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ወደ አዲሱ ፎቅ፣ ወይ ወደ አሮጌው ሕንፃ። አራቱንም ጎን ዘግቶ አየሩን በድምፅ አፋኝ መተንፈሻ ማሳለፍም ይቻላል። እሱ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ኤያል ደግሞ በየቀኑ "መቼ?" ይላል።

ከሞሪስ ጋር ወደ አሮጌው ሕንፃ ሄድን። አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ልክ በግቢው አንጻር፣ አባ ወርቁ ይኖራሉ። በእኛ ሰው ዘንድ ሽማግሌ ሲባል ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ለጋብቻ የሚላክ ነው። አባ ወርቁ የሰፈሩ ትልቁ ሽማግሌ ነበሩ። የእኔንም ጋብቻ የጨረሱት እሳቸው ናቸው፤ የዘነቡ አባት አሻፈረኝ ብለው ሦስት ቀን ተመላልሰው አግባብተውልኛል። ያን ቀን በረንዳቸው ላይ፣ በሰማያዊ ፕላስቲክ ወንበራቸው ተቀምጠው ነበር። ዳኝነታቸውም ጨዋታቸውም እዚያው ወንበር ላይ ነው፤ ከታች የሚያልፈው ሁሉ ቀና ብሎ ሰላም ይላቸዋል።

ሞሪስ ቅጹን በሰሌዳ ይዞ አጠገቤ ቆመ። ጎረቤት ይረበሽ እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር አለው።

"አባ፣ ይሄ ማሽን ይረብሽዎታል?" አልኳቸው።

"ኧረ ምን ይረብሸናል ልጀ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።"

"ክፍቱን ጎን ወደዚህ ወደ እርስዎ ባደርገውስ?"

ሞሪስን አዩት። ወረቀቱን አዩት። ከዚያ እኔን። "አንተ ያልኸው ይሁን። ሥራህን ሥራ" አሉኝ።

"ምን አለ?" አለኝ ሞሪስ በዕብራይስጥ። "ችግር የለም አለ" አልኩት። ጻፈው። ባልቴቶቹንም ከሕንፃው ሥር፣ ዛፍ ጥላ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አግኝቼ ጠየቅኳቸው። "ምንም አይል፣ ልጃችን፣ ይቅናህ" ብለው መረቁኝ። መለኪያው አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አላበራሁትም።

እኔ እኮ እዚያው ባህል ውስጥ ነው ያደግኩት። ሰው ቤት ሄደህ "ብላ" ስትባል፣ ርቦህ አንጀትህ እየጮኸ "በልቻለሁ" ትላለህ። ባለቤቱም ያውቃል፤ ሁለቴ ሦስቴ ካልለመነህ አልጠየቀህም ማለት ነው። ይህን ማንም ሳያስተምረኝ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን ቅጽ የያዘ አለቃ ከጎኔ አቁሜ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄ ወረድኩ።

ሌላም ጥፋት ጨመርኩበት። ለማሽን የሚቆም ግድግዳ ከማሽኑ በኩል ያለው ፊቱ እንደ ወንፊት የተበሳ ላሜራ መሆን አለበት፤ ድምፁ በቀዳዳው ገብቶ ውስጥ ያለው የድንጋይ ሱፍ ይውጠዋል። የተበሳው ላሜራ ዘገየብን። ኤያል ሲነዘንዘን ደፍኑን ላሜራ አቆምንና የተበሳውን በኋላ እንቀይራለን አልን። አዲሱ ፎቅ ላይ ወጥቼ ለካሁ፤ ከተፈቀደው በታች ነው። ኤያል ፈረመ፣ ሞሪስ ጨበጠኝ፣ ወደ ሌላ ሥራ ሄድን። ያ "በኋላ" አልመጣም።

ስምንት ወር አለፈ። ልጄ ዮናታን አሽኬሎን ያለች ልጅ ወዶ ላግባ አለ። የልጅቷ አባት የድሮ ሰው ናቸው፤ ሽማግሌ ካልተላከ በሩን አልከፍትም ብለዋል። ዮናታን በዕብራይስጥና በአማርኛ እየቀላቀለ "አባ፣ ሞባይል ላይ አውርተን አንጨርሰውም እንዴ?" አለኝ። "አባ ወርቁ ካሉ በአንድ ቀን ያልቃል" አልኩት። አንድ ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ እሳቸው ቤት ሄድኩ።

በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ብርቱካን ናት። ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። ኮሪደሩ ላይ የተሞላ ሻንጣ አየሁ። ከሻንጣው አለፍ ብሎ፣ በመታጠቢያ ቤቱና በመኝታ ቤቱ መካከል፣ አባ ወርቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አድርገው በሰማያዊው ወንበር ተቀምጠዋል።

"አባ፣ እንዴት ዋሉ?"

ከንፈሬን አዩ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ።

ስለ ዮናታን ነገርኳቸው። "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። የልጅቷን አባት ስም ጠርቼ ያውቋቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "አዎ፣ አዎ፣ ደኅና ነን" አሉና ዓይናቸውን መለሱ። ሦስት ቀን ሙሉ አማቴን የተከራከሩ ሰው ናቸው። 

ብርቱካን ወጥ ቤት ወሰደችኝ። "አእምሯቸው እየሄደ ነው ጋሼ" አለችኝ። "አይመልሱም፣ በረንዳ አይወጡም፣ ሰው ሲመጣ ይሸሻሉ። የጆሮ መሣሪያቸውን እንኳ አውጥተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። እኔ ፈረቃ ስገባ ብቻቸውን ናቸው። በሌላ ከተማ የአረጋውያን ቤት፣ ቤት አቮት፣ አልጋ ተገኝቶላቸዋል። እሑድ እወስዳቸዋለሁ።"

"እሳቸውስ ምን አሉ?"

"ደኅና ነው አሉ።"

ተሰናብቻት ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። በግቢው በኩል ያሉት መስኮቶች ሁሉ በጠራራ ፀሐይ መዝጊያቸው ወርዷል። ከታች ደረስኩ፤ ከዛፉ ሥር አግዳሚው ወንበር የለም። የእግሩ ጉድጓድ አፈሩ ላይ ቀርቷል። ዞሬ ሄድኩ፤ ወንበሩን ተሸክመው ከሕንፃው ማዶ፣ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ አስቀምጠውታል። ባልቴቶቹ እዚያ፣ ፀሐዩ ላይ፣ ሻሽ ጥለው ተቀምጠዋል። "እንዴት ነህ ልጃችን?" አሉኝ።

ወደ ዛፉ ተመልሼ ቆምኩና ሰማሁ። ያን ማጉረምረም አውቀዋለሁ። ሦስቱ ግድግዳዎች የአራቱን ማሽን ድምፅ ሰብስበው በክፍቱ ጎን ወደዚህ ሕንፃ ይተፉታል። የድምፅ ማጉያ ሠርቼ ወደ አባ ወርቁ በረንዳ አዙሬዋለሁ።

መለኪያውን ከመኪናዬ አውጥቼ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። የበረንዳውን በር ስከፍተው ንዝረቱ የመስኮቱን መስተዋት ያንቀጫቅጨዋል። ወለሉ ላይ ወንበሩ ለዓመታት የቆመበት አራት ምልክት አለ። መለኪያውን እዚያ ላይ ያዝኩት፤ ቁጥሩ ከተፈቀደው በላይ ነው። "አንቺ አይሰማሽም?" አልኳት ብርቱካንን። "ፋብሪካ ከዚህ ይብሳል፤ ለምጄዋለሁ" አለችኝ።

የጆሮ መሣሪያ የሰው ድምፅ ከማሽን ድምፅ መርጦ አይሰጥህም፤ ቢያንስ የሳቸው አሮጌ መሣሪያ አይመርጥም። ሲያደርጉት ማሽኑ ጭንቅላታቸው ውስጥ ገብቶ ያጉረመርማል። ሲያወጡት ሰው አይሰማቸውም። ባልሰሙት ነገር ላይ ስህተት ከመናገር "እግዚአብሔር ይመስገን" ማለትን መርጠዋል። ይህን ለብርቱካን አስረዳኋት።

"አባቴን ያሳበደው ማሽን ነው ልትለኝ ነው?" አለች።

"አላበዱም። የእኔ ማሽን ነው። እኔ ነኝ ያደረግኩት።"

ወደ ሻንጣው ዞራ አየች። "እሑድ ካልመጣን አልጋውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል፣ ጋሼ። ሌላ እስኪገኝ ማን ይጠብቃቸዋል?"

"እስከ ዓርብ ብቻ ታገሺኝ" አልኳት። ዓርብ ምን እንደማደርግ ግን አላወቅኩም።

ረቡዕ ጠዋት ሞሪስ ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኩት። "ማን አቤት አለ?" አለኝ። "ማንም።" "ታዲያ ምን ፈለግህ? ደንበኛው ፈርሟል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ጉዳዩን ዘግቶታል።" ተነስቼ ወዲያ ወዲህ አልኩ። "ሞሪስ፣ አቤት የሚሉ ሰዎች አይደሉም። አንተ ወረቀት ይዘህ እንደቆምክ ጠየቅኳቸው፤ ምን ሊሉ ነበር? ወንበራቸውን ተሸክመው ቆሻሻ አጠገብ ሄዱ እንጂ አልተናገሩም።"

ሞሪስ ብዕሩን አስቀመጠ። "እናቴ እንደዚህ ነበረች" አለ። "እግሯ ተሰብሮ 'ሁሉም ደኅና ነው' ትለን ነበር።" ቀጥሎም "የተበሳው ላሜራ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ከመጣ ስድስት ወሩ ነው። በያጁን ሰርጌን ይዘህ ሂድ" አለኝ። ስድስት ወር መጋዘን ውስጥ ተኝቶ በአጠገቡ ሳልፍ ከርሜያለሁ።

ኤያል ከበደኝ። "በዓል እየገባ ነው፤ መደርደሪያው ሁሉ ሞልቷል። ማሽን አይጠፋም" አለኝ። "አንድ በአንድ አጠፋለሁ፤ ሦስቱ ይሠራሉ" አልኩት። "ለማን ነው ይሄ ሁሉ? ማንም አልደወለም" አለኝ። ጋብቻዬን ለጨረሱ ሰው ነው ብዬ ብነግረው አይገባውም፤ "ለእኔ ነው፤ የእኔ ሥራ ተበላሽቷል" አልኩት። ይህ ገባው። ዓርብ ከጠዋት እስከ ሰንበት መግቢያ፣ እስከ ጀምበር መጥለቂያ ማለት ነው፣ ፈቀደልኝ።

ሐሙስን ሙሉ ላሜራ ስንቆርጥ ዋልን። ሰርጌ በያጅ ነው፤ ከሩሲያ የመጣ፣ ቃል የማይበዛበት ሰው። ለክፍቱ ጎን የሚሆን መተንፈሻ ሠራን፤ ጠፍጣፋ ክንፎች በሰያፍ ይደረደራሉ፣ በየክንፉ ውስጥ የድንጋይ ሱፍ አለ። አየር በመካከላቸው ተጠማዝዞ ያልፋል፣ ድምፅ ግን እየተጋጨ ይቀራል። እጄ በሱፉ ተበላ። ቤት ገብቼም አልተቀመጥኩም፤ ዘነቡ ራት አቅርባ ስትጠብቀኝ እኔ የክንፎቹን ርቀት በክር እለካለሁ። ያን ቀን አልቀለደችብኝም።

ዓርብ ጠዋት ጀመርን። አንዱን ማሽን አጥፍተን፣ ከጎኑ ያለውን ደፍን ላሜራ ፈትተን፣ የተበሳውን አስረን፣ ማሽኑን አስነስተን ወደ ቀጣዩ እናልፋለን። ከእግሩ ሥር ያሉትን ጎማዎችም ቀየርኩ፤ ብሎኖቹን በልኩ አሰርኩ። ከቀትር በኋላ መተንፈሻውን አቁመን ክፍቱን ጎን ዘጋን። ማጉረምረሙ ወረደ። ሰርጌ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁለተኛው ማሽን ጠፋ። ሙቀት በዝቶበት ራሱን አጠፋ። ቀጥሎ ሦስተኛው። ኤያል ከሱቁ በር ላይ "አዲ!" እያለ ወጣ። ሰርጌ መፍቻውን አንስቶ "እናንሳው፣ ሌላ ቀን እንሠራዋለን" አለኝ። ሌላ ቀን የለኝም። ላቤን እየጠረግኩ ዙሪያውን ሁለቴ ዞርኩት። እጄን ክንፎቹ ላይ አደረግኩ፤ አየር ይገባል። ከላይ ቀና አልኩ፤ ሞቃቱ አየር የሚወጣበት ቦታ ጠቦ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ማሽኑ የተፋውን ትንፋሽ መልሶ እየሳበ ነው።

ከላይ ያለውን የላሜራ ጠርዝ በመጋዝ ቆርጠን አሰፋነው፤ መተንፈሻውንም ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አደረግነው። ማሽኖቹን አስነሳንና ቆመን ጠበቅን። ሩብ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት። ኤያል ሰዓቱን ያያል፣ እኔ የግፊት መለኪያውን አያለሁ። መርፌው ቦታውን ያዘ። ኤያል ምንም ሳይናገር ገብቶ ሁለት ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውኃ ይዞልን መጣ።

ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው በሥራ ልብሴ ደረጃውን ወጣሁ። ሻንጣው አሁንም ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ሌላ ትንሽ ቦርሳ ተጨምሮበታል። መለኪያውን በረንዳው ላይ አብርቼ ለብርቱካን አሳየኋት፤ ከተፈቀደው በታች ነው። እሷ ግን ቁጥሩን አላየችም፤ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ቆመች። "የት ሄደ?" አለች። ለምጄዋለሁ ያለችው ድምፅ ሲቀር ገና ሰማችው።

መሳቢያውን ከፈተች። የጆሮ መሣሪያው በመሐረብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ክሊኒኩ በየጊዜው የሰጣቸው፣ አንዱም ያልተከፈተ የባትሪ ጥቅል አለ። ባትሪ አስገባችለት። አባ ወርቁ ሲያዩት እጃቸውን አወዛወዙ፤ አይሆንም ማለታቸው ነው። እኔ ሰማያዊውን ወንበር አንስቼ በረንዳው ላይ፣ አራቱ ምልክት ላይ አስቀመጥኩት። ወንበሩን ሲያዩ ተከትለውኝ ወጡ። ተቀመጡ። ብርቱካን መሣሪያውን ጆሯቸው ላይ አደረገችው።

 ከታች አንዲት ሴት ልጇን ትጠራለች። አባ ወርቁ አንገታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። ከዚያ ወደ እኔ።

"የዮናታን ነገር ምን ሆነ?" አሉኝ። "የልጅቱ አባት አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበሩት ናቸው? እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ብቻ ሰው ቀድሟቸው ሲናገር ይቆጣሉ።"

ብርቱካን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አባቷ የማክሰኞውን ወሬ ከከንፈሬ ላይ ለቅመው ይዘውት ኖረዋል፤ በደንብ ስላልሰሙት ግን መልስ መስጠት ፈርተዋል። ልጃቸው አእምሯቸው ሄደ ብላ ሻንጣ ስትሸክፍም ተቀምጠው አይተዋል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ንዴት መጣብኝ። "አባ፣ ለምን አልነገሩኝም? ሊሄዱ ነበር እኮ! ከቤትዎ ወጥተው ሊሄዱ ነበር!"

"ጮክ አትበል፣ እሰማለሁ" አሉኝ። ቀጥሎ እንዲህ አሉ፦ "አለቃህ አጠገብህ ቁሞ ነበር። ወረቀት ይዞ ነበር። ይረብሸኛል ብየ ስናገር ባንተ ላይ የሚጽፍ መሰለኝ። እኔ ሸምግየ የዳርሁትን ልጅ እንጀራውን ልዝጋበት?"

 ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። "ሂድ ታጠብ፣ ሰንበት ገባ" አሉኝ።

እሑድ ብርቱካን አልጋው ለሌላ ይሰጥ ብላ ደወለች። በሚቀጥለው ሳምንት አባ ወርቁ ካባቸውን ደርበው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር አሽኬሎን ሄዱ፤ የልጅቷ አባት በሩን ከፈቱላቸው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ኖሩ። ያረፉት በቤታቸው ነው። ወንበሩን ብርቱካን ከበረንዳው አላነሳችውም።

እኔ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ቁጭ ማለት ግን አሁንም አልቻልኩም፤ ሞሪስ አንዳንዴ ለአዲስ ሠራተኞች ንገርልኝ ብሎ ይጠራኛል። ጎማውን አሳያቸዋለሁ፣ ካቻቢቴውን ጆሯቸው ሥር አስደግፋለሁ፣ ማሽን እንደሚተነፍስ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ይህን እላለሁ፦ ማሽን ያለበት ግቢ ስትገቡ ሰውን "ይረብሻል ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ወንበርዎ ድሮ የት ነበር?" በሉና እዚያ ላይ ቆማችሁ ለኩ።